የጥቅምት ሰባ ስድስት ቀጠሮ

ቢያዝን ታንኳው ሁለት ነገር አያደርግም ይባልለት ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ሐይቅ ላይ አይገኝም፤ ቀጠሮም አያፈርስም። የመጀመሪያው ልማዱ ነፍሱን ደጋግሞ አትርፎለታል። ሁለተኛው ግን ጉድ ሠራው።

ታንኳው የአባቱ ስም አይደለም። አባቱ ክንዱ ነበሩ፤ ግን ባሕር ዳር ውስጥ ቢያዝን ክንዱ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ከሐይቁ ዳር ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ በልጥ ገመድ እየጠፈረ ታንኳ ይሠራል፤ በሠራው ታንኳም ፈረንጅ ያንሸራሽራል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ፈረንጅ ሞልቶ ነበር። አንዱ ጢስ ዓባይ ድረስ በእግር ውሰደኝ ይላል፤ ሌላው ገዳማቱን አሳየኝ ይላል፤ ሌላው ጉማሬ ካላየሁ አልሄድም ብሎ ድርቅ ይላል። አንድ ጊዜ ሰሜን ተራሮች ላይ ዕቃ ተሸክሞላቸው ወጥቶ በብርድ ጥርሱ ሲንገጫገጭ አድሮ ተመልሷል። ሌላ ጊዜ አፋር በረሃ ድረስ ወሰዱትና ሲመለስ፣ «ውሃ የሌለበት አገር እግዜር ረስቶት የሄደ ዕቃ ነው» ብሎ ከዚያ ወዲያ ከጣና ላይርቅ ማለ። ጤነኛ ሰው የሞቀ ቤቱን ጥሎ ለመንገላታት ባሕር አቋርጦ ለምን እንደሚመጣ ግን ሊገባው አልቻለም። ሚስቱ አገርነሽ ስትጠይቀው «ደልቷቸው ነዋ» ይላታል፤ ወሬው በዚያው ያበቃል።

በጥር 1966 ዶክተር ማትያስ የሚባል የስዊስ ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ቁመቱ ረዥም፣ አፍንጫውን ፀሐይ የላጠው ሰው ነው። አማርኛ ከመጽሐፍ ተምሯል። ፊደሉን አስውቦ ይጽፋል፤ ሲናገር ግን ግሱን ሁሉ ይገለባብጠዋል። የፈለገውም ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ በደቅ ደሴት በኩል አድርጎ፣ በታንኳ ብቻ ጎርጎራ መድረስ ነበር። የሞተር ጀልባ አለ ቢሉት፣ «ሞተር ለሽማግሌ» አለና ሳቀ።

ቢያዝን ሁለት ረዣዥም ታንኳ ጠፈረ። አንዱን እሱ፣ ሌላውን አንድ የዘጌ ሰው ያዘ። ጉዞው ስድስት ቀን ፈጀ። ጧት ጧት ገና ሳይነጋጋ ይነሣሉ፤ ፈረንጆቹ እየተፈራረቁ ይቀዝፋሉ፤ መዳፋቸው ውሃ ቋጠረ፣ ወገባቸው ተቆረጠ፤ እነሱ ግን ይስቃሉ። ደቅን አልፈው ወደ ሰሜን ሲያቀኑ ሐይቁ ጸጥ ብሎ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዶክተሩ እንዲህ ከሆነማ ሳንቆም እንሂድ አለ። ቢያዝን ታንኳውን ወደ ዳር አዞረ።

«ለምን? ነፋስ የለም!» አለ ዶክተሩ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ጌታው» አለው ቢያዝን።

ዶክተሩ ዳር ላይ አኩርፎ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ነፋሱ ተነሣና ያ ጸጥ ያለው ሐይቅ ማዶው እስኪጠፋ ድረስ ነጭ ሆነ። ማዕበሉ የቆሙበትን ደንጊያ እየመታ ያረጥባቸው ጀመር። ዶክተሩ ተነሥቶ የቢያዝንን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ በኋላ ቢያዝን ቁም ሲለው ይቆማል፤ ተነሥ ሲለው ይነሣል። ጎርጎራ ደርሰው፣ በቆላ ድባ በኩል ዞረው በመኪና ባሕር ዳር ሲመለሱ ሁለቱ ወዳጆች ሆነው ነበር።

የመለያያው ዕለት ቢያዝን ዶክተሩን ቤቱ ጋበዘው። የዚያን ለት ነው ዶክተሩ የሺመቤትን ያያት።

የሺመቤት የቢያዝንና የአገርነሽ አንድያ ልጅ ናት። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗን ያማታል፤ አሁን ደግሞ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ብሌኗን ይወጋት ጀምሯል። ፀሐይ ላይ ዓይኗን መግለጥ ስለማትችል ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጥላ ነው የምትሄደው። ዶክተሩ ወደ በሩ ብርሃን አቅርቦ፣ የላይኛውን የዓይኗን ቆብ ገልብጦ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አያት። ቢያዝንና አገርነሽ ሰውየው የዓይን ሐኪም መሆኑን ያወቁት ገና ያን ጊዜ ነው። ስድስት ቀን አብረው ሲቀዝፉ አንድም ቀን ሥራውን አንሥቶ አያውቅም ነበር።

«ይህ ቀላል» አለ ዶክተሩ። «ትንሽ ቢላ፣ ትንሽ መርፌ። አሁን ዕቃ የለም። ሁለት ክረምት አልፎ፣ እኔ ዓባይ ላይ በጎማ ጀልባ ለመውረድ ተመልሼ። ያን ጊዜ ዕቃ ይዤ። አንተ የውሃ ሰዓት ታውቃለህ፤ እኔ ዓይን አውቃለሁ።»

ከኪሱም የሚያብረቀርቅ የብረት ወረንጦ አውጥቶ ለቢያዝን ሰጠው። እስኪመጣ ድረስ የሚወጋትን ፀጉር እየለቀመ እንዲነቅልላት፣ ወረንጦውንም በፈላ ውሃ እንዲያጥብ አሳየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢያዝን በየሳምንቱ ቅዳሜ ልጁን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ አንድ በአንድ ይነቅላል። ገመድ ሲጠፍር የኖረ ወፍራም ጣት ለእንዲህ ያለ ሥራ አልተፈጠረም። እሱ ግን ለመደው። እሷም ለመደችው።

ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ወረዱ። ፈረንጁ እየሳሳ ሄዶ በሁለተኛው ዓመት ጨርሶ ጠፋ። ቢያዝን ታንኳውን ለማገዶና ለእህል ጫኝነት አዋለው።

በግንቦት 1968 ገብረ ኪዳን ደብዳቤ ይዞለት መጣ። ገብረ ኪዳን ሐይቁ ዳር ያለ፣ ደጁ ላይ ትልቅ ዋርካ የቆመበት የአንድ ሆቴል ዘበኛ ነው፤ ዶክተሩ ያረፈውም እዚያ ስለነበር ደብዳቤውን በሆቴሉ አድራሻ ነበር የላከው። ቢያዝን ማንበብ አይችልም። እሱና አገርነሽ ተያይዘው መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ዘንድ ሄዱ። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ናቸው፤ የጾሙን መግቢያ፣ የበዓሉን ዕለት፣ የዘመኑን ወንጌላዊ በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሰው። ሠፈሩ በሙሉ ቀን የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

መሪጌታ ደብዳቤውን ከፀሐይ አስጠግተው፣ «እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ ነው!» ብለው አደነቁና አነበቡት። አጭር ናት። «ወዳጄ ቢያዝን፣ በጥቅምት 1976 እመጣለሁ። የየሺመቤትን ዓይን እሠራለሁ። ከዚያ ዓባይን አብረን እንወርዳለን። ዋርካው ሥር ጠብቀኝ። ማትያስ።»

«ሰባ ስድስት?» አለ ቢያዝን። «ስምንት ዓመት እኮ ነው፣ የኔታ።»

«ሁለት ክረምት ብሎን ነበር» አለች አገርነሽ። «ሁለቱም አለፉ። ምናልባት ተሳስቶ እንደሆነስ?»

መሪጌታ ቅር አላቸው። «ቁጥሩ ፈጦ ይታያል፣ ልጄ። ሰውየው ሁለት ክረምት ያለው በንጉሡ ጊዜ ነው። አሁን ዘመኑ ተለወጠ፤ እሱም የሚያውቀውን አውቆ ቀጠሮውን አራዘመ።» ከዚያ ጣታቸውን እየቆጠሩ ጥቂት ቆዩ። «ሰባ ስድስት ዘመነ ዮሐንስ ነው። መስከረም አንድ ሰኞ ይውላል። ጥቅምት አንድ ረቡዕ። እንግዲህ ዕለቱን እንኳ አውቃችሁታል።»

የተማረ ይግደለኝ ይላል ያገራችን ሰው። ቢያዝን የጥቅምት አንድን ዕለት ይዞ፣ ልቡ ሞልቶ ወጣ። እንዲያውም የደብዳቤው ወሬ በሹክሹክታ ሲዛመት፣ «ፈረንጅ ሳያውቅ አይጽፍም፤ ይህ ነገር እስከ ሰባ ስድስት ነው ማለት ነው» እያሉ የደርግን መውረጃ ከደብዳቤው ላይ የቆጠሩ ጎረቤቶችም ነበሩ። ምስኪኖች።

በ1969 መስከረም ከተማው ከፋ። ሰው ከቤቱ እየተወሰደ መጥፋት ጀመረ። ቢያዝን ቤተሰቡን ታንኳ ላይ ጭኖ አገርነሽ ወደተወለደችበት ወደ ደቅ ተሻገረ። «እስከ ቀጠሯችን እዚያ እንቆያለን» አላት። ደሴት ላይ ቢያንስ በሌሊት በር የሚያንኳኳ አልነበረም።

ደቅ ላይ ዓመቱ የሚቆጠረው በታንኳ ነው። ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ቢያደርቁት፣ አቁመው ቢያንጠፈጥፉት እንኳ ዓመት አይሻገርም፤ ይበሰብሳል። ቢያዝን የሺመቤትን «ሰባት ታንኳ ቀረን» ይላታል። የሚቀጥለው ዓመት «ስድስት»። የዕለት ተዕለት ሥራው ላይ ያለ ታንኳ ሲያረጅ ይጥለውና ሌላ ይጠፍራል፤ ልጅቱም ደንገሉን በእጇ እየዳበሰች ታቀብለዋለች።

አገርነሽ ግን ዝም አላለችም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ልጅቱን ራሷ ባሕር ዳር ወስዳ አስመርምራት ነበር። ቅባት ተሰጣቸው፤ ቆቡን ቀድዶ የሚያስተካክል ሐኪም አዲስ አበባ ነው ተባሉ። አዲስ አበባ መሄድ ማለት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ ዘመድ፣ ማረፊያ ማለት ነው። ከባድ ነበር፤ ግን የማይቻል አልነበረም። የከለከላት ባሏ ነው።

«ቀጠሮ ይዘናል» አላት። «ሰውየው ባሕር አቋርጦ ይመጣል፤ እኛ በሌላ አስነክተን እንጠብቀው? የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል።»

«ዓይን አይቆይም» አለችው አገርነሽ።

እውነቷን ነበር። የግራ ዓይኗ በሰባ ሁለት ነጭ ለበሰ። ቢያዝን ያን ጊዜ ደነገጠ፤ ነቅሎ የማይጨርሰው ፀጉር በሕልሙ ይታየው ጀመር። ቢሆንም አራት ዓመት ነው የቀረው፣ ቀኙ አለ፣ ቀኙን እናቆየው አለ። በሳምንት አንድ ጊዜ የነበረው መንቀል ሁለት ጊዜ ሆነ። በሰባ አምስት የሺመቤት ፊቷ ላይ የሚወዛወዝ እጅ ታያለች እንጂ ጣቱን መቁጠር አትችልም ነበር። እሱ ግን ጥላ እስካየች ድረስ ዓይን አለ ማለት ነው ብሎ ተጽናና። አንድ ዓመት። ከዚያ ስድስት ወር። ከዚያ አንድ ክረምት ብቻ።

ለሰባ ስድስት የሠራው ታንኳ በዕድሜው ከጠፈራቸው ሁሉ ያማረ ነበር። ደንገሉን ከሚያዝያ ጀምሮ መርጦ አደረቀ። መስከረም ሃያ ስምንት ቀን ልጁን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ከደቅ ተነሣ። አገርነሽ፣ «ሠርቶልሽ ስትመለሺ ወደቡ ላይ ቆሜ እጄን አወዛውዝልሻለሁ፣ ታዪኛለሽ» ብላ ሸኘቻት። ዘጌ አድረው በማግሥቱ ባሕር ዳር ገቡና መሪጌታ ቤት አረፉ።

ጥቅምት አንድ እውነትም ረቡዕ ዋለ። አባትና ልጅ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የመጣ የለም። ወሩ ሠላሳ ቀን አለው፤ መቼም በመጀመሪያው ቀን እመጣለሁ አላለም። ጥቅምት አምስት። ጥቅምት አሥር። ቢያዝን በየቀኑ ታንኳውን አውጥቶ ዛፉ ላይ አስደግፎ ያደርቃል፤ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ይነሣል። የሺመቤት ገና ሳይቀመጥ፣ «አይደለም?» ትለዋለች። «አይደለም» ይላታል።

ገብረ ኪዳን ከሆቴሉ በር ላይ ሆኖ በየቀኑ ያያቸዋል። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ቢያዝን ለገበያ ሲመጣ ገብረ ኪዳን ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይር ነበር። ቢያዝንም የአብዮት ጥበቃ አባል ሆኖ ኮርቶብኝ ነው ብሎ ትቶታል። ጥቅምት ሃያ አራት ቀን ረፋዱ ላይ ገብረ ኪዳን ቆቡን አውልቆ በእጁ እያሻሸ ወደ ዋርካው መጣ።

«ቢያዝን፣ ወንድሜ፣ ተነሥ ወደ ቤትህ ግባ» አለ። «አይመጣም።»

«ቀጠሮ ነው።»

«መጥቶ ነበር።»

«ማን?»

«ማትያስ። በስልሳ ዘጠኝ፣ በጥቅምት፤ እናንተ ደቅ በተሻገራችሁ በወሩ። ሦስት ቀን ብቻ ነበር የተፈቀደለት። ሐይቁ ላይ እንዳይወጣ ከልክለውት እዚሁ አንተ የተቀመጥህበት ላይ ተቀምጦ ዋለ። ትንሽ ጥቁር ቦርሳ ይዟል፤ ከእጁ አልለያትም። ያገኘውን ሁሉ 'ቢያዝን ታንኳው የት ነው? ዓይኗን የሚያማት ልጅስ?' እያለ ይጠይቃል፤ ሰው ሁሉ ፈርቶ ይሸሸዋል። በሦስተኛው ቀን መኪና ላይ አወጡት።»

ቢያዝን ለጊዜው አልገባውም። «አንተን አልጠየቀህም?»

«ጠየቀኝ። የገቡበትን አላውቅም አልሁት።» ገብረ ኪዳን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «በዚያው ሳምንት የፈረንጅ መልእክት አደረስህ ተብሎ አንድ አስተናጋጃችን ተወስዶ ነበር። ፈራሁ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ?»

«መጀመሪያ እነሱን ፈራሁ። በኋላ አንተን ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝሁት። እንዲህ ቁጭ ብለህ ትጠብቀዋለህ ብዬ መች አሰብሁ?»

ቢያዝን ይመታዋል ብለው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። አልመታውም። የሺመቤትን እጇን ይዞ እየመራ መሪጌታ ቤት ሄደ፤ የሚገርመው ነገር ገና አላመነም ነበር።

«የኔታ፣ ደብዳቤውን እንደገና ያንብቡልኝ» አለ። «ገብረ ኪዳን በስልሳ ዘጠኝ መጥቶ ነበር ይላል። የሰባ ስድስት ቀጠሮ ይዞ በስልሳ ዘጠኝ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

መሪጌታ ወረቀቷን ተቀበሉ። አላነበቧትም። ጣታቸውን ሊቆጥሩ አነሡና መሐል ላይ ቆሙ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሰባት» አሉ በመጨረሻ። «እነሱ ዘመናቸውን ከእኛ ሰባት ዓመት አስቀድመው ነው የሚቆጥሩት። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሰባት፤ ከጥር ወዲያ ስምንት። የእነሱ ሰባ ስድስት የእኛ ስልሳ ዘጠኝ ነው።»

«ያውቁት ነበር?»

«አውቀው ነበር። ለተማሪዎቼ ሁሉ የማስተምረው ነው።»

«ታዲያ እንዴት?»

«ፊደሉ የእኛ ነው፤ ዘመኑም የእኛ መሰለኝ» አሉ መሪጌታ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «አማርኛውን እንደኛ አሳምሮ ሲጽፍ ዓመቷ ላይ ያገሩ ቁጥር አመለጠው። እኔ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ አዋቂው ዕለቱን ሳይቀር ቆጥሬ ሰጠሁህ። ሰውየው በዘመነ ማቴዎስ መጣ፤ እኛ በዘመነ ዮሐንስ ጠበቅነው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ። እግርህ ላይ ልውደቅ።»

ቢያዝን ሽማግሌውን ደግፎ አስቀመጣቸው። ማንን እንደሚቆጣ አላወቀም። አገርነሽ «ተሳስቶ እንደሆነስ?» ያለችው ያን ጊዜ ትዝ አለው።

በዚያው ቀን ልጅቱን ይዞ ወደ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨለማ ክፍል አስገብቶ በቀኝ ዓይኗ ላይ ባትሪ አበራና ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት። የሺመቤት ወደ ግራ አመለከተች። ባትሪው በቀኝ በኩል ነበር። እንደገና ጠየቃት። እንደገና ሳተች። ሐኪሙ ቢያዝንን ውጭ አውጥቶ፣ ጠባሳው ብሌኑን እንደሸፈነው፣ ከሥሩም ዓይኗ እንደሞተ፣ አሁን የትም ቢሄዱ ዋጋ እንደሌለው ነገረው። «ከአምስት ስድስት ዓመት በፊት ቢሆን» ሊል ጀምሮ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው። አንድ ዓመት ያህል የሺመቤት አየሁ ስትል የኖረችው ጥላ አባቷ እንዳይከፋው ስትል የምትገምተው ነበር።

በነጋታው ማለዳ ወደ ደቅ ተነሡ። አዲሱ ታንኳ ውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድም ፈረንጅ አልተሳፈረበትም። ቢያዝን ለልጁ ምንም አልነገራትም። ገብረ ኪዳን ሲናገር ግን እዚያው ዋርካው ሥር ነበረች፤ መሪጌታም ሲያለቅሱ እጇ በአባቷ እጅ ውስጥ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እንደ ልማዱ ወደ ዳር አዞረ። ታንኳውን አወጣ፣ ለማንጠፍጠፍ አቆመው። የሺመቤት ደንጊያ ላይ ተቀምጣ ሐይቁን በጆሮዋ ስታዳምጥ ቆየች።

«አባዬ» አለች።

«ወይ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቀን ማለት ነው?»

«ሦስት ቀን» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ጫን አድርጋ ያዘች።

«እየወጋኝ ነው» አለችው።

ቢያዝን አላመነም። ከዚያ ቀኑ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለው። ብርሃኑ ቢጠፋም ፀጉሩ መብቀሉን አልተወም፤ ሕመሙም እንዲሁ። ከብብቱ ወረንጦውን አወጣ፤ አሥር ዓመት ሙሉ በፈላ ውሃ ታጥቦ ነጭ የሆነውን። አጠገቧ ተቀምጦ ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ አስደገፈና ወደ ፀሐይ አዞራት። ፀሐዩ ፊት ለፊቷ ነበር፤ ዓይኗን አልጨፈነችም።

«ቀስ በል» አለችው።

«ቀስ እላለሁ» አለና መንቀል ጀመረ።